የሰው ወርቅ

ባለፈው ነሐሴ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቦሌ አንድ ካፌ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያሉ ወጣቶች የአርሰናልን አሰላለፍ እንደ ዳዊት በቃላቸው ያነበንባሉ።

«የኛስ ሊግ መቼ ይጀመራል?» አልኳቸው።

«ጋሼ ደግሞ! እሱን ማን ያያል?» ብለው ሳቁብኝ።

እኛ እኮ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ ጊዮርጊስ ያለን፣ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ሰዎች ነን። ዛሬ ጨዋታው ስለማይጥም ተውነው እንላለን። ስለተውነውስ ቢሆን የማይጥመው? ባዶ ወንበር ፊት ማን ነፍሱን ይሰጣል?

አርሰናልን እኔም እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ግን ቦሌ ተቀምጠን ብንጮህ ለንደን አይሰማም። እዚህ ስታዲየም ገብተን ብንቆጣ ግን አሠልጣኙ ዞር ብሎ ያየናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ጎበዝ!