ፀሐይን ማደብዘዝ ዝናብ ማዝነብ አይደለም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ደምበጫና አካባቢዋ በበቆሎ፣ በስንዴና በጤፍ ምርት ይታወቃሉ። እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚዘልቀው ይኸው የምዕራብ ጎጃም ምድር ምርቱ በአመዛኙ የተመሠረተው በክረምቱ ዝናብ ላይ ነው። ዝናቡ በሰኔ ዘግይቶ ሲገባ፣ በሐምሌ በረዶ ሲቀላቅል ወይም በመስከረም ቀድሞ ሲወጣ አርሶ አደሩ ምክንያቱን ይጠይቃል። የሰው ልጅ ደመናን ማዝነብና ፀሐይን ማደብዘዝ እንደሚችል መሰማት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በሰማዩ ላይ የሰው እጅ ገብቶበት ይሆን የሚል ጥያቄ ቢነሳ አያስገርምም።

ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ በእርሻ ሥራው ላይ ለውጥ ያመጣል። ዝናብ በፈለጉት ጊዜ በአውሮፕላን ይመጣል ብሎ ያመነ ሰው እርጥበት ለማቀብ አይተጋም። ደመናዬን ሰው በተነብኝ ብሎ ያመነ ደግሞ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያን ጆሮ አይሰጠውም። በመሆኑም ሁለቱን ቴክኖሎጂዎች ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

በጎጃም የተሞከረው ምንድን ነው?

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሸዋና በጎጃም ሰው ሠራሽ ዝናብ የማዝነብ ሙከራ መደረጉን ይፋ አድርገዋል። ሥራው በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድጋፍ የተጀመረ ነበር። ይህ ቴክኖሎጂ የጨው ወይም የብር ውሁድ ብናኝ በደመና ውስጥ በመርጨት ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ተሰባስበው እንዲከብዱና እንዲወርዱ ያግዛል።

ቁልፉ ነገር ቴክኖሎጂው ደመና አይፈጥርም። እርጥበት ያዘለ ደመና ከሌለ የሚረጨው ብናኝ ጠብታ ዝናብ አያመጣም። በመሆኑም ሰማዩ ጥርት ባለበት የድርቅ ወቅት ብዙም አይጠቅምም። የተረጨበት ደመና ሲዘንብም ያለ ርጭቱ ምን ያህል ይዘንብ እንደነበር ለይቶ መለካት አስቸጋሪ ነው። ውጤቱ ቢገኝም የአንድ አካባቢን የአንድ ቀን ዝናብ ከመጨመር የሚያልፍ አይደለም፤ የዓለምን ሙቀትም አይቀንስም።

ፀሐይን ማደብዘዝስ?

ሶላር ጂኦኢንጂነሪንግ የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ዝናብ ከሚያመጣው ደመና በላይ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የድኝ ጋዝ ወይም ሌላ ብናኝ በመልቀቅ ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ወደ ሕዋ መልሶ ምድርን ማቀዝቀዝ ነው ዓላማው።

ሐሳቡ የተወሰደው ከእሳተ ገሞራ ነው። በሰኔ 1983 ዓ.ም. በፊሊፒንስ የፈነዳው የፒናቱቦ ተራራ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የድኝ ጋዝ ወደ ላይ ረጭቶ የዓለምን አማካይ ሙቀት ለአንድ ዓመት ያህል በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ዝቅ አድርጎታል። በተከታዩ ዓመት ግን በዓለም የየብስ ክፍል ላይ የጣለው ዝናብም በከፍተኛ መጠን መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

የዓለምን የአየር ንብረት በሚለውጥ መጠን ይህን የተገበረ አገር እስካሁን የለም። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያቸውን በፊኛ አንጠልጥለው በስዊድን ሰማይ ሊሞክሩ አቅደው ነበር። ሆኖም አጋዘን አርቢው የሳሚ ሕዝብ ምክር ቤት ሳንማከር አይሆንም ብሎ በመቃወሙ እቅዱ ቆመ። ይህ የሆነው በጎጃም ስለተደረገው የዝናብ ሙከራ በተነገረበት በዚያው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፕሮጀክቱን ጨርሶ ዘግቶታል።

አውሮፕላን ሲያልፍ በሰማይ ላይ የሚታየው ነጭ መስመርም ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከሞተሩ የወጣው እንፋሎት በከፍታው ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ የሚታይበት ነው።

ለጎጃም ዋናው ጥያቄ ዝናቡ ነው

በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ጉዳዩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው ምድር ምን ያህል ትቀዘቅዛለች የሚለው ነው። ለምዕራብ ጎጃም አርሶ አደር ግን ቀዳሚው ጥያቄ የክረምቱ ዝናብ ምን ይሆናል የሚለው መሆን አለበት።

ምክንያቱም የክረምቱ ዝናብ የሚመጣው ሰሜኑ የዓለም ክፍል በበጋው ሲሞቅ የዝናብ መቀነቱ ወደ ሰሜን ስለሚሳብ ነው። ሰሜኑ ብቻ ተለይቶ ከቀዘቀዘ መቀነቱ ወደ ደቡብ ይሸሻል። ይህ በታሪክም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ የላኪ እሳተ ገሞራ ለስምንት ወራት ድኝ ሲተፋ የሰሜኑ የበጋ ሙቀት ቀነሰ፤ በአፍሪካ የሚጥለው የበጋ ዝናብም ደከመ። ዓባይ በግብፅ እንደወትሮው ባለመሙላቱ ረሃብ ሆነ። በወቅቱ አገሪቱን የጎበኘው ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ ከሕዝቡ አንድ ስድስተኛው እንደሞተ ወይም እንደተሰደደ ጽፏል። ያን ወንዝ በክረምት የሚሞላው በዋናነት የኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ዝናብ ነው። ውኃቸውን ለዓባይ የሚገብሩት የደምበጫ አካባቢ ወንዞች ተምጫና ብርም የዚሁ ዝናብ ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በኮምፒዩተር ስሌቱ መሠረት ብናኙ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ብቻ ቢለቀቅ የሳህል ቀጣና ለድርቅ ይጋለጣል፤ በደቡቡ ብቻ ቢለቀቅ ደግሞ የሳህል ዝናብ ይጨምራል። በሁለቱም በኩል ተመጣጥኖ ቢለቀቅ ጉዳቱ ሊቀንስ ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይሁንና እንዲህ ያሉ ስሌቶች ሰፊ ቀጣናን የሚያሳዩ እንጂ በተራራና በሸለቆ የተከፋፈለውን የጎጃምን ዝናብ ለይተው የሚናገሩ አይደሉም።

በቆሎውና አሲዳማው አፈር

ሙቀት ቢቀንስ ሰብል ይጠቀማል የሚል ግምት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት የፒናቱቦንና በሜክሲኮ የፈነዳውን የኤል ቺቾንን ዘመን የምርት መረጃ መርምሮ ነበር። በቆሎን፣ ስንዴን፣ ሩዝንና አኩሪ አተርን የተመለከተው ይህ ጥናት ሰብሉ ከቅዝቃዜው የሚያገኘውን ጥቅም የብርሃኑ መቀነስ እንደሚያጣፋው አመልክቷል። በበቆሎ ለሚኖር ወረዳ ይህ ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ስጋት የድኙ ጉዳይ ነው። ወደ ላይ የተላከው ድኝ ውሎ አድሮ ወደ ምድር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ስሌት መጠኑ ዛሬ ከፋብሪካና ከተሽከርካሪ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑ አብዛኛውን ሥነ ምህዳር አይጎዳም ብሏል። አሲዳማነት ቀድሞ ለተጫነውና ኖራ ለሚሻው የጎጃም አፈር ግን ጥያቄው በራሱ አፈር ላይ ተጠንቶ መመለስ አለበት።

ሌላም ጉዳይ አለ። ፀሐይን ማደብዘዝ በአየር ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን አያስወግድም። ትኩሳትን አስታግሶ በሽታውን እንደማይነካ መድኃኒት ነው። ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበት ድንገት ቢቋረጥ ደግሞ ታፍኖ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ማን ይወስናል?

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮች ጉባኤ ቴክኖሎጂው ሥራ ላይ እንዳይውል የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲደረስ ጠይቋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በናይሮቢ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ላይ ስዊዘርላንድ ጉዳዩን የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርባ፣ አገሮች ሊስማሙ ባለመቻላቸው ሐሳቧን ስባለች።

በሌላ በኩል፣ ምርምሩን ለሀብታም አገሮች ብቻ መተው አደገኛ ነው የሚሉ አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች አሉ። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴክኖሎጂው በአገራቸው ድርቅ ላይ የሚኖረውን ተጽዕኖ በስሌት አጥንተዋል። ክልከላን መደገፍና ጉዳዩን ማጥናት የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። በራሱ መረጃ የማይናገር አገር ሌሎች ለተናገሩለት እሺ ወይም እንቢ ከማለት አያልፍም። የክረምቱ ዝናብ በአንድ ነገር ተጎዳ ብሎ ለመከራከርም ዝናቡ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር በልኬት ማሳየት ያስፈልጋል።

ይህ ደግሞ ከወረዳና ከቀበሌ የሚጀምር ሥራ ነው። የዝናብ መለኪያ ባለበት ቦታ ንባቡ ዕለት ተዕለት ሳይቋረጥ መመዝገብ፣ መዝገቡም ባለሙያ ሲቀየር አብሮ እንዳይጠፋ መጠበቅ አለበት። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምት ትንበያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዘንድ ደርሶ፣ የዘርና የማዳበሪያ ሥርጭት ከማለቁ በፊት በአርሶ አደሩ ቋንቋ ሊነገር ይገባል። እርከን፣ ውኃ ማቆርና ኖራም ሰማዩ በማንም እጅ ቢሆን የሚጠቅሙ ሥራዎች ናቸው።

የወረዳ አመራሩ በስብሰባ ላይ ጥያቄው ሲነሳ በእርግጠኝነት ሊመልሰው የሚችለው ነገር አለ። በጎጃም የተሞከረው ደመናን የማዝነብ ሥራ እንጂ ፀሐይን የማደብዘዝ አይደለም። ፀሐይን የማደብዘዙ ነገር ገና በክርክር ላይ ያለ ነው። ክርክሩ እልባት ሲያገኝ የክረምቱ ዝናብ ባለቤት የሆነው አርሶ አደርም መዝገቡን ይዞ መቅረብ አለበት።