ቆፋሪው ጉድጓዱን ደፍኖ ይሂድ

የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ቁጥር «ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ» የሚለው አሮጌ ወሬም አብሮ ይነሣል። ዛሬ ወሬውን የሚያባብሰው በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጠው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነው። ዶማና ዲቴክተር የያዘ ሰው ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጥቶ በወል መሬት ላይ ዕድሉን ቢሞክር ማንን ይጎዳል? የሚል አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ላሟን ከጉድጓድ የምታወጣዋ እናት መልሱን ታውቀዋለች። የዚህ ጋዜጣ አቋም ይህ ነው፤ ያለ ነዋሪው ይሁንታና ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚካሄድ ቁፋሮ ለመዝናኛም ይሁን ለእንጀራ መቆም አለበት። በሥርዓት ልሥራ ለሚለው ሰው ደግሞ መንግሥት ግልጽና ርካሽ መንገድ ሊያበጅለት ይገባል።

በቅድሚያ ለአርሲ አንባቢዎቻችን ደስ የማይል እውነት እንንገራቸው። ጮሌን ጨምሮ የአርሲ ደጋ የወርቅ አገር አይደለም። ጭላሎ፣ በዳና ካካ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ለስንዴውና ለብቅል ገብሱ የሚስማማው አፈር የተገኘው እነርሱ ከተፉት ድንጋይ ነው። የአገራችን ወርቅ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የመሠረት ዐለት ውስጥ ነው፤ በጉጂ አዶላና ሻኪሶ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በትግራይ። በአርሲ ደጋ ያ ዐለት ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሥር በጥልቀት ተቀብሯል። ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ያልነካውን ዐለት ወርቅ አጥቦ ሊያመጣ አይችልም። እናም ዲቴክተሩ በጮሌ መስክ ላይ ቢጮህ የማረሻ ስባሪ ወይም የፈረስ እርካብ አግኝቶ ይሆናል።

ወይም መቃብር። ይኼኛው ነው የሚያሳስበን። በአርሲ ምድር ሰውና ፈረስ፣ ጦርና ጋሻ የተሣለባቸው የመቃብር ድንጋዮች ቆመው ይታያሉ። ሀብት የሚያስሰው ሰው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው እንዲህ ባለው ምልክት ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያጋጠመው ሰውም ወዲያው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አዋጁ ባይኖርስ? የሰው አያት ያረፈበትን ድንጋይ ለምን ትነቅላለህ ተብሎ ሊመከር የሚገባው አዋቂ መኖሩ ራሱ ያሳፍራል።

«መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ማን ይከለክለኛል?» የሚለው ክርክርም ውኃ አያነሣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል እያንዳንዱ ሰው እንደፈለገ ይቆፍረው ማለቱ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ወርቅ በእጅ የሚያወጣውንም ሰው የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ እንዲይዝ ያዛል፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው ክልሉ ነው። ለመዝናናት ወርቅ ለሚፈልግ ሰው የተለየ ፈቃድ ሕጋችን አያውቅም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው።

ከደጋው ወርዶ ወርቅ ወዳለበት አገር ለመሄድ ያሰበ ወጣት ሌላም ነገር ይወቅ። እዚያ ወርቅ ጨዋታ አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከወርቅ ወጪ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስታገኝ፣ የብዙው ምንጭ ባህላዊ አምራቾች ናቸው። በጉድጓድ መደርመስ የሚሞቱትም እነርሱ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ የለገደምቢን ማዕድን በጤናና በብክለት ምክንያት ሲቃወም ፈቃዱ መታገዱን አንረሳም። እንዲህ በቆሰለ ማኅበረሰብ መካከል የሚገባ እንግዳ ከሁሉ በፊት የአገር ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ። ምንጭንና መልካን አይንካ፤ በኦሮሞ ባህል መልካ ኢሬቻ የሚወጣበት፣ እናቶች ሲንቄ ይዘው የሚለምኑበት ስፍራ ነው። ሜርኩሪን በእጁ አይንካው። ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት የሚፈሰው ሜርኩሪ ሲቃጠል በእንፋሎቱ ሳንባና ነርቭ ይጎዳል፤ ወንዝ ከገባም በዓሣው በኩል ወደ ገበታ ይመለሳል። ያገኘውን ወርቅ ደግሞ በሕጋዊው መንገድ ለብሔራዊ ባንክ ይሽጥ።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ማየቱ አይከፋም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ከ1855 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራው ሰው የወርቅ ፈላጊነት ፈቃድ ትሰጣለች። ዛሬ በአነስተኛ ክፍያ ለ10 ዓመት የሚያገለግለው ይህ ወረቀት በእጅ መሣሪያ ብቻ መቆፈርን ይፈቅዳል፤ የተቆፈረውን መልሶ ማስተካከልንም ግዴታ ያደርጋል። ኒውዚላንድ ደግሞ ለዚሁ የተከለሉ ወንዞች አሏት፤ በእነርሱ ላይ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በእጅ መሣሪያ ወርቅ ማጠብ ይችላል። ሁለቱም ሰዎችን በጅምላ አልከለከሉም። እኛ ግን ከልካይ ሕግ አውጥተን አፈጻጸሙን እንረሳዋለን፤ ከዚያ ጥፋቱን የሚሸፍነው ሌሊት ይሆናል።

የኦሮሚያ ክልል የማዕድን ኃላፊዎች ሩቅ ሳይሄዱ መጀመር የሚችሉት ነገር አለ። ወርቅ ባለባቸው ወረዳዎች የእጅ መሣሪያ ፈቃድ ይኑር፤ ፈቃዱ ላይ ቀበሌውና አባ ገዳው ይሁንታቸውን ይስጡ። ፈላጊው መያዣ ገንዘብ ያስይዝ፤ ጉድጓዱን ደፍኖ ሣሩን ሲመልስ ብቻ ይመለስለት። እንደ ጮሌ ወርቅ በሌለባቸው ወረዳዎች ደግሞ በግጦሽ መሬትና በመቃብር አካባቢ በዲቴክተር መቆፈር እንደማይፈቀድ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ዶማ ይዞ ለመጣ እንግዳም ማስታወቂያው ከመጀመሪያው ጉድጓድ በፊት ይነበብለት።