መርዶ ያልደረሳት እናትና የአሸናፊዎች ሐውልት

የዛሬው ጽሑፌ ከክሮኤሺያ ተነሥቶ መርሳ ይደርሳል። «ክሮኤሺያንና ሀብሩን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ጥቂት እንዲታገሠኝ ብቻ እለምነዋለሁ።

ኮሙኒስቷ ዩጎዝላቪያ ስትፈራርስ ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻነቷን አወጀች። ከዩጎዝላቪያ ጦርና ከሰርብ ታጣቂዎች ጋር አራት ዓመት ያህል ተዋጋች፤ ቩኮቫርን የመሰለች ከተማዋም ወደመች። በነሐሴ 1995 «ማዕበል» በተባለው ዘመቻ ክኒንን ስትይዝ፣ ወደ ሁለት መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰርቦች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ መሸሽ ካቃታቸው አረጋውያን መካከል በየመንደራቸው የተገደሉ አሉ። ያ ቀን ዛሬ ብሔራዊ የድል በዓል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ምክር ቤቱ ጦርነቱ ፍትሐዊና የመከላከል እንጂ የወረራ እንዳልነበረ የሚያውጅ መግለጫ አጸደቀ። አገራቸውን መከላከላቸውን አልክድም። የምለው ሌላ ነው፤ በጦርነቱ ፍትሐዊነት ላይ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ «ያችን አሮጊት ማን ገደላት?» ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ የአገር ጠላት ይመስላል።

የእኛም መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ደርግ በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር በሰሜን ኮርያውያን እርዳታ የትግላችንን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ አቆመ፤ ያኔ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። (ብዙ ሳይቆይም ሕዝባችን ለሠፈራ ወደ ምዕራቡ አገር ተጫነ። በመንገድና በሠፈራ ጣቢያ የቀረው ስሙ የት ተጻፈ?) ከግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. በኋላ ተራው የአዲሶቹ አሸናፊዎች ሆነ። መቐለ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ፤ ለየድርጅቱ የየራሱ የሰማዕታት ሐውልት ቆመለት። ማዶ ቆሞ ሲተኩስና ሲተኮስበት የነበረው ወታደርም የዚችው አገር ልጅ መሆኑን ግን የሚናገር ሐውልት አላየሁም።

ለፍትሕ የተደከመውን አላቃልልም። የደርግ ባለሥልጣናት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ችሎት ቆመዋል፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ተከፍቷል። በአህጉራችን ይህን ያህል የሄደ አገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ እንዲመረምር የታዘዘው የተሸናፊውን ወንጀል ብቻ ነበር። በበረሃ፣ በታጋዮች እጅ የተፈጸመው ለየትኛው መርማሪ ተሰጠ?

በመርሳ ዳርቻ የሚኖሩ፣ የእናቴ ባልንጀራ የሆኑ አንዲት እናት አውቃለሁ። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ሦስት ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። አንደኛው የበኵር ልጃቸው ነው፤ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ቀረ። ሁለተኛው ልጃቸው ከኢሕዴን ጋር ተሰልፎ የወደቀ ነው፤ የእርሱ መርዶ በክብር መጥቷል፣ ወረቀትም አለው። ሦስተኛው የልጅ ልጃቸው ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተገደለ፤ በእጁ ዱላ እንኳ አልነበረም። ለሁለተኛው ሐውልት አለ። ለሦስተኛው በጥድፊያ የተቆፈረ መቃብር አለ። ለበኵሩ ምንም የለም፤ «የደርግ ወታደር» ነበርና መርዶው እንኳ እስከ ዛሬ አልደረሰም። እኒህ እናት ስንት ዓመት ግንቦት ሃያ ሲከበር አይተዋል፤ በየትኛው ልጃቸው ስም ያክብሩት?

«ሰማዕት» የሚለው ቃል መሠረቱ ግእዝ ነው፤ ምስክርን ያመለክታል። እኛ ማዕረግ አደረግነውና አሸናፊ ለወገኑ የሚሰጠው ሹመት ሆኖ ቀረ። ያልተሾመው ሙት ምስክርነቱም አይደመጥም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ የሚከፋው ይከፋ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር፤ ሆስፒታሏም ዩኒቨርሲቲዋም ተዘረፉ። በጳጉሜ 2013 ዓ.ም. በቆቦ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሳይቀር መዝግቦታል። ይህ ይነገር፤ ጮክ ተብሎ ይነገር። ነገር ግን የሙያ ባልደረቦቼ ከዚህ ሐዘን አዲስ የማንነት ሰነድ ሲቀርጹ አያለሁ፤ ሬሳውን እየመረጡ። በጥር 2010 ዓ.ም. በዚችው ወልድያ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ታቦት ሲሸኙ በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁት በዚህ ሰነድ ውስጥ ቦታቸው የት ነው? በጦርነቱ ጊዜ በትውልዳቸው ብቻ ከየከተማው እየተለቀሙ የታሰሩት የትግራይ ተወላጆችስ? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን በተቀሰቀሰው ውጊያ የሚረግፈውስ ገበሬ በማን መዝገብ ይግባ? ለመፈክር የማይመች ሙት እንዴት እንደሚረሳ ከደርግም ከኢሕአዴግም በሚገባ ተምረናል።

«ገዳይንና ተገዳይን ልታደባልቅ ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የክሮኤሺያው ፕሬዚዳንት ፍራንዮ ቱጅማን ይህንኑ አስበው ነበርና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኡስታሻ መንግሥት ሰርቦችን፣ አይሁድንና ሮማዎችን በጨረሰበት በያሴኖቫች ካምፕ፣ የኡስታሻውን ወገን ዐፅም ጭምር አምጥቶ በአንድነት መቅበርን በብሔራዊ ዕርቅ ስም አቀዱ። ተቃውሞ በረታና ቀረ፤ መቅረቱም ደግ ሆነ። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። እርሳቸው ዐፅሙ ተደባልቆ ጥያቄው እንዲቀበር ሽተው ነበር፤ እኔ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ የሚል እንዲጻፍ እሻለሁ። የገዳዩም ልጅ ቢሞት ይጻፍ፤ አባቱ የሠራውም ይጻፍ።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። እኔ ግን የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን መርሳ ድረስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ትዕግሥት የለኝም። ወሎ ቅሬ አለው። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ያነሣል፤ ሬሳ ለማንሣት የፓርቲ መታወቂያ ሲጠይቅ አላየሁም። በሀብሩ ያለው ቅሬ ሁሉ አንድ አንድ ደብተር ይክፈት። «በማን እጅ» የሚለውን ዛሬ መጻፍ ጸሐፊውን ሊያስገድለው እንደሚችል አውቃለሁ፤ እርሱ ብቻ ለጊዜው ይቆይ፣ ሌላው ግን ይጻፍ። ሐውልት ለማቆም የሚሰበሰብ ገንዘብ ካለም ለደብተርና ለብዕር ይዋል።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የቅሬ ዳኛ አጫወትኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ዶክተር፣ እኛ ያልቀበርነውንስ እንጽፋለን?» አሉኝ። የእኒያን እናት በኵር ማለታቸው ነበር። ይጻፍ አልኋቸው። ስሙንና ለውትድርና የተወሰደበትን ዓመት ጻፉ፤ የሞተበት ቀንና ቦታ ባዶውን ነው። የቀድሞው ሠራዊት የወታደሮች የግል ማኅደር በመንግሥት እጅ ካለ፣ ይከፈትልንና ያን ባዶ ቦታ እንሙላው።