የሐኪም እጅና የጸሐፊ እጅ

በራያ ቆላ፥ በቆቦ ከተማ ምሳ ተጋብዛችሁ ብትሄዱ፥ ከእንጀራው በፊት የሚቀርብላችሁ ምን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልገኝም። የቤቱ ልጅ በአንድ እጁ ጆግ፥ በሌላው ማስታጠቢያ ይዞ፥ ጎንበስ ብሎ ከታላቅ እስከ ታናሽ ያስታጥባል። ውሃው ከሩቅ የተቀዳ ቢሆን እንኳ «ለዛሬስ ሳንታጠብ እንብላ» የሚል የለም። ሳይታጠብ እጁን ወደ መሶቡ የሚሰድ ቢገኝ ልጆች ሳይቀሩ ይታዘቡታል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለእንጀራ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ ለበሽተኛ ገላ ምን ያህል እንጠነቀቃለን?

ጥያቄው የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847፥ በቪየና ትልቁ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ወጣት ሐኪም ነበረ። አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ክፍል ይልቅ ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል ብዙ እናቶች በአራስ ትኩሳት ሲሞቱ ያይ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዷ እንደሚሄዱ አስተዋለና፥ በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ያህል ይሞቱ የነበሩት፥ በሐምሌ ወደ 1 ወረዱ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ «የሐኪም እጅ እንዴት ይታማል?» ብለው ተቀየሙ፤ እርሱም እውነቱ በሰፊው ሳይታመንለት በ1865 ሞተ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተደርጎ በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፥ የእጅ መታጠብን ሥርዓት በሚገባ የሚጠብቁት የጤና ባለሙያዎች ከመቶ 17 እንኳ እንደማይሞሉ ገልጿል። ይህን ስንሰማ ጣታችንን በሐኪሙና በነርሷ ላይ ለመቀሰር እንቸኩላለን። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ይናገራል፤ ሥልጠና ያገኙት፥ ሳሙናና ውሃ፥ የእጅ ማድረቂያና በእጅ የሚታሽ አልኮል በአጠገባቸው ያላቸው፥ ከሌሎቹ ይልቅ ይታጠባሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እናንተን የሚነካው። በግዢ ክፍልና በሒሳብ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፥ የአንድ ጤና ጣቢያ የሳሙና መጠየቂያ በጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ሳምንት ቢያድር፥ በዚያ ሁለት ሳምንት አራሷን የነካው ያልታጠበ እጅ በከፊል የእናንተ እጅ ነው። ወረቀት በሽተኛን አይነካም አትበሉ፤ ይነካል።

ዝናብ በሚያንሰው በራያ ቆላ «ውሃ የለም» የሚለው ምክንያት ከባድ ይመስላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በሆስፒታል ፋርማሲ ሊዘጋጅ የሚችል መላ አውጥቷል፤ ከመቶ 80 እጁ አልኮል፥ በራሱ በፈሳሹ ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ የባክቴሪያ ስፖሮችን የሚያጠፋ ጥቂት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፥ ቆዳ እንዳይደርቅ ጥቂት ግሊሰሪን፥ የቀረው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ነው። ይህን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማሸት ይበቃል። እጅ በደም ወይም በእድፍ ሲነካ ግን ሳሙናና ውሃ ግድ ነው፤ ጊዜውም ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ነው።

መቼ? ድርጅቱ አምስት ጊዜ ብሎ ወስኗል። በሽተኛውን ከመንካት በፊት፤ ንጽሕና ከሚሻ ሥራ በፊት፥ ለምሳሌ መርፌ ከመውጋት ወይም ቁስል ከማሰር፤ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፤ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፤ አልጋውንና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩም በኋላ። ጓንት ማጥለቅ ከዚህ ነፃ አያወጣም።

እናንተ ተማሪዎችስ? እናታችሁ ወይም ወንድማችሁ ታመው አልጋ አጠገብ በቆማችሁ ጊዜ፥ ሐኪሙን መገሠጽ ያሳፍራችሁ ይሆናል። አትገሥጹት። የቆቦው ልጅ እንደሚያደርገው አድርጉ፤ ጆጉንና ሳሙናውን ያዙና ጎንበስ ብላችሁ «ዶክተር፥ ላስታጥብዎ?» በሉ። በቪየና እንደ ስድብ የተቆጠረው ነገር በእኛ አገር ክብር ነው። ለእንግዳ የምናደርገውን ለሐኪም ብናደርግ ማን ይቀየመናል?