ጥርሱን ብቻ አይተን ጎማ አንምረጥ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ከጌጃ ሰፈር የመጣ አንድ ጥያቄ ነው። የዚያው ሰፈር ልጅ የሆነ የአንደኛ ዓመት ተማሪያችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጠብቆን፣ «መምህር፣ ታላቅ ወንድሜ ኮሎራዶ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳል። ክረምቱ ሳይገባበት ጎማ ሊቀይር ነውና ለበረዶ የትኛው ይሻልሃል ልበለው?» ሲል ጠየቀን። እኛ መልስ ከመስጠታችን በፊት አጠገቡ የነበረው ጓደኛው «ጥርሱ ጠለቅ ያለውን ግዛ በለው፤ አለቀ!» አለ።

በረዶ ቢዘንብ እንኳ በሰዓታት ውስጥ በሚቀልጥባት አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ በረዶ ጎማ መጨነቅ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከአገራችን ወጥተው በዴንቨርና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በጭነት መኪና ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። በየሰፈሩም የልጇን የስልክ ድምፅ እስክትሰማ እንቅልፍ የማይወስዳት እናት አለች። የጓደኛው መልስ በእኛም ጎሚስታዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ገዢው አውራ ጣቱን በጎማው ጥርስ መካከል ከትቶ ጥልቀቱን ይለካል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይገዛል። ይህ አመራረጥ ግማሽ እውነት አለው። የቀረውን ግማሽ የሚነግረን ግን ሁላችንም ለፈተና ያጠናነው ሳይንስ ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚንሸራተትበት ርቀት የሚገኘው የፍጥነቱን ካሬ ለሰበቃ ቁጥሩና ለመሬት ስበት ፍጥንጥነት ብዜት እጥፍ በማካፈል ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ ቁጥሩን 0.7 ብንወስድ መልሱ 36 ሜትር ይሆናል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ቁጥሩ ወደ 0.2 ሲወርድ 126 ሜትር፣ በጠጣርና ለስላሳ በረዶ ላይ ወደ 0.1 ሲወርድ ደግሞ 252 ሜትር ይደርሳል። ይህም ከሁለት የኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። በስሌቱ ውስጥ የመኪናው ክብደት አለመኖሩን ልብ ይሏል። «ጭነት ስላለኝ መሬቱን እቆነጥጣለሁ» የሚለው ተስፋ በዚህ ቀመር ፊት አይቆምም። እንዲያውም የከባድ መኪና የአየር ፍሬን እስኪይዝ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ርቀቱን ይጨምረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ራሱ ጎማው የተሠራበት ውህድ ነው። ጎማ የሚለጠጠው ረጃጅም ሞለኪውሎቹ እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀሱ ነው። ቅዝቃዜው ሲበረታ እንቅስቃሴያቸው ይገታል፣ ጎማውም ቀስ በቀስ እየደረቀ ይሄዳል። በመጨረሻም እንደ መስታወት የሚሰባበርበት የሙቀት መጠን ላይ ይደርሳል፤ ይህም ለተፈጥሮ ጎማ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ለሰው ሠራሾቹ እንደ ዓይነታቸው ይለያያል። ጎማው እዚያ ከመድረሱ አስቀድሞ ግን መደደር ይጀምራል። የደደረ ጎማ በመንገዱ ላይ ካሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ጋር አይገጥምምና አይዝም። ስለዚህ ሁለት ጎማዎች ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ በብርድ ለስላሳ፣ ሌላው ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህንን ልዩነት አውራ ጣት አይለካውም።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደውም፣ መንገድ ላይ ለሚጠቀጠቀውም፣ እንደ መስታወት ለሚረጋውም ሁሉ «በረዶ» የሚል አንድ ስም ሰጥቷል፤ ጎማው ግን ለይቶ ያውቃቸዋል። በብናኙ በረዶ ላይ ጥልቅ ጥርስ ይጠቅማል፤ በረዶው በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ ሲገባ፣ በረዶ ከበረዶ ጋር ተያይዞ መኪናውን ወደ ፊት ይገፋዋል። በጠጣሩ በረዶ ላይ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በጥርሱ ገጽ ላይ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው፤ ጠርዞቻቸው ገጹን ይቆነጥጣሉ። ከሁሉ አደገኛው ደግሞ እጅግ የበረታው ብርድ ሳይሆን ለዜሮ የቀረበው ነው፤ በዚያን ጊዜ በበረዶው ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይኖራልና።

ታዲያ ገዢው ይህን ሁሉ በምን ያውቃል? ጎማው ራሱ ይናገራል። በጎኑ ላይ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ካሉ፣ ጎማው ለጭቃና ለበረዶ የሚሆን የጥርስ ቅርጽ አለው ማለት ነው፤ ምልክቱ በበረዶ ላይ መፈተኑን አያረጋግጥም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ የሚሰጥ ነው። ጀርመን ከባድ መኪኖች በክረምት መንገድ ላይ ሲሆኑ ሞተሩ ለሚያዞራቸው ጎማዎች፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ደግሞ ለፊት ጎማዎችም እንዲህ ያለ የክረምት ጎማ በሕግ ግዴታ አድርጋለች። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በበኩሉ የፊት ጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ3.2 ሚሊ ሜትር፣ የሌሎቹ ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። ይህ ግን ዝቅተኛው ወለል እንጂ ለበረዶ የሚበቃ ልክ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ተቃውሞ አለ። የክረምት ጎማ በሞቃት መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅም ያስበላል፤ ዛሬ ቴክሳስ፣ ነገ ዋዮሚንግ የሚያድር ሾፌር ደግሞ በየጉዞው ጎማ ሊቀያይር አይችልም። እውነት ነው። ስለሆነም ምርጫው እንደ ጎማው ቦታ ይሁን እንላለን። ሞተሩ ለሚያዞራቸው የኋላ ጎማዎች የተራራው ምልክት ያለበትና ስንጥቅ የበዛበት ጎማ ይገባል፤ እነርሱ ካልያዙ መኪናው ዳገት አይወጣም። የፊቶቹ መኪናውን የሚመሩ ናቸውና ጥርሳቸው ሲሳሳ ሕጉ እስኪያስገድድ ሳይጠበቅ ሊቀየሩ ይገባል። የተሳቢው ጎማዎች «ተከታይ ናቸው» ተብለው መናቅ የለባቸውም፤ ተሳቢው ወደ ጎን ሲንሸራተት መኪናውን አጥፎ ይጥላል። የአየር ግፊቱም ይታይ፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት 7 ባር የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ወደ 5.9 ባር ገደማ ይወርዳል። ሰንሰለትም ከመኪናው አይለይ። በኮሎራዶ በኢንተርስቴት 70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው መንገድ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ የንግድ መኪኖች ሰንሰለት እንዲይዙ ሕጉ ያስገድዳል።

በዚሁ መንገድ ላይ የሚገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የእኛው የጣርማ በር ዋሻም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታቸው ቢቀራረብም ጣርማ በር ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ጭጋግና ዝናብ እንጂ ወራት የሚቆይ በረዶ አያውቀውም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪናማ በአፋር ሜዳ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠብቀዋል። በዚያ ለበረዶ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ለወንድም የሚበጀው ጎማ ለጅቡቲው ሾፌር አደጋ ነው። «ጥሩ ጎማ» የሚባል ነገር በራሱ የለም፤ ያለው ለሚሄድበት መንገድና ሙቀት የሚስማማ ጎማ ነው።

እኛን የሚቆጨን ይህ እውቀት በእጃችን እያለ ከፈተና ወረቀት አለመውጣቱ ነው። ተማሪዎቻችን ሰበቃን፣ የጋዞችን ሕግና የሞለኪውሎችን ባሕርይ ያጠናሉ፤ ጎሚስታው በር ላይ ሲደርሱ ግን እንደማንኛውም ሰው አውራ ጣታቸውን ይከታሉ። እስቲ የፊዚክስ መምህራን አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን ማስመሪያ አስይዘው በአቅራቢያቸው ወዳለ ጎሚስታ ይውሰዷቸው። የጥርሱን ጥልቀት ይለኩ፤ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። በአሜሪካ መለያ ቁጥር መጨረሻ ላይ 2319 የሚል ካገኙ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ይወቁ፤ ጎማ ሲያረጅም ይደርቃልና።

ለጌጃ ሰፈሩ ተማሪያችን ከላይ ያልነውን በአንድ ገጽ ጽፈን ሰጠነው። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን ከጎማው ሁሉ የሚበልጠውን አስቀመጥን፤ «ወንድምህ ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንስ የመቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን የሚሸጥ ጎሚስታ የለም፤ በነጻ የሚገኝ ነውና ይጠቀምበት።»