የሚተከለውን ዛፍ ለይቶ ስለማወቅ



በየዓመቱ ክረምት ሲገባ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየመሥሪያ ቤታችን እየተሰለፍን ችግኝ ለመትከል እንወጣለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ አይዘነጋም። ቁጥሩን ሁሉም ሰምቷል፤ ነገር ግን በእጁ የያዘው ችግኝ ምን እንደሆነ ከተካዩ ስንቱ ያውቃል? ስለዚህ ነገር ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

ለምሳሌ ያህል ጃካራንዳንና የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለውን እንመልከት። ሁለቱም ለአበባቸው ውበት የሚተከሉ ናቸው፤ ችግኝ ሳሉም ቅጠላቸው እንደ ግራር ቅጠል የደቀቀ ስለሆነ አንዱ በሌላው ስም ቢሰጥ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ያደጉ እንደሆነ ግን መሳሳት የለም፤ የጃካራንዳ አበባ ሐምራዊ ሆኖ የጥሩምባ ቅርጽ አለው፥ ፍሬውም ክብና ጠፍጣፋ ነው። የድሬዳዋው አበባው ቀይ፥ ፍሬው እንደ ጎራዴ አፎት የረዘመ ነው። በችግኝነቱ ጊዜ ለመለየት ግንዱን መመልከት ይበቃል፤ የጃካራንዳ ቅጠሎች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፥ የድሬዳዋው ግን አንዱ ከአንዱ ከፍ እያለ በየተራ ይወጣል። ዘሩም ይለያል፤ የጃካራንዳው ስስ ክንፍ ያለው፥ ነፋስ የሚወስደው ነው፤ የሌላው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ የፈላ ውሃ አፍስሰው አንድ ቀን ካላቆዩት ወይም ቅርፊቱን ካልፋቁት ቶሎ አይበቅልም።

ይህን መለየት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሱ የአገሩ አየር ነው። የድሬዳዋው ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ሲሆን ሙቀት ይወዳል፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ይስማማዋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ብርድ ተክሎ እንደ ድሬዳዋ ያለ አበባ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ሥሩም ወደ ጎን እየተንሰራፋ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ያነሣል። ጃካራንዳ ለከተማችን ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ከዘር የበቀለው ለማበብ ብዙ ጊዜ ከ7 ዓመት በላይ ስለሚፈጅ ትዕግሥት ያሻዋል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ተክለው በየዓመቱ የሚቆርጡትስ ለምን ተከሉት? ጫፉ የተቆረጠ ጃካራንዳ ቀጥ ቀጥ ያለ ቀንበጥ እያወጣ መጥረጊያ መስሎ ይቀራል።

ጃካራንዳም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ፕሪቶርያን ስመ ጥር ያደረጋት ይኸው ዛፍ ሆኖ ሳለ፥ በደቡብ አፍሪካ ከወራሪ ተክሎች ተቆጥሮ አዲስ መትከሉ በሕግ ተገድቧል። ቀይ አበባ ካማረን የራሳችን ኮርች አለ፤ ደጋ ይወዳል፥ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፥ ገበሬውም አጥር ያደርገዋል። በከተማ ግን እምብዛም አይታይም፤ ባላገር ስለሆነ ይሆን?

ለሚመለከታቸው ክፍሎች የማቀርበው ልመና ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጪው ክረምት ከችግኝ ጣቢያ በሚወጣው ሁሉ ላይ ስሙና የሚስማማው ከፍታ የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን ይንጠልጠል፤ በየመሥሪያ ቤቱም በበጋ ውሃ የሚያጠጣ ሠራተኛ በስም ይመደብ፤ ሪፖርት ሲጻፍም የተተከለው ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ጸድቆ የተገኘው ይቆጠር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ