ስንት ዩኒት ይበቃል? የጎሼ በሽታ ሕክምና እና ያልተዘጋው የመጠን ጥያቄ

ባለፈው ሴሚስተር በትምህርት ክፍላችን ሴሚናር ላይ ስለ ኢንዛይም ተኪ ሕክምና ገለጻ አቅርቤ ነበር። ገለጻው እንዳበቃ አንድ የክፍል ባልደረባዬ «ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያስወጣ መድኃኒት ለእኛ አገር ተመራማሪ ምን ይፈይዳል?» ሲል ጠየቀኝ። በዕለቱ የሰጠሁት መልስ ስለ ሳይንሱ ረቂቅነት የሚያወሳ ነበር፤ እኔን ራሴንም አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ለማረም የቀረበ ነው። አቋሜ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከዋጋው ጥያቄ በፊት የመጠኑ ጥያቄ መቅደም አለበት፤ የመጠኑ ጥያቄ ደግሞ ከማንም ይልቅ አቅሙ ውስን የሆነ አገር ተመራማሪን ይመለከታል።

ለማሳያነት የመረጥሁት የጎሼ በሽታ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ጎሼ በሽታውን በ1882 እ.ኤ.አ. ገለጸ፤ መንስኤው የአንድ ኢንዛይም ጉድለት መሆኑን ግን ሮስኮ ብሬዲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያረጋገጡት በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳት ያረጁ የደም ሕዋሳትን እየዋጡ ያፈርሳሉ። ከእነዚህ ሕዋሳት ሽፋን የሚወጣውን ግሉኮሴሬብሮሳይድ የተባለ ስብ የሚሰብረው ግሉኮሴሬብሮሲዴስ ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ሰው ይህ ኢንዛይም ስለሚያንሰው ስቡ በላይሶዞም ውስጥ ይከማቻል፤ ያበጡት ማክሮፋጆችም ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ይሞላሉ። ደም ማነስ፣ በቀላሉ መድማት፣ የአጥንት ሕመምና ስብራት ይከተላሉ።

ሕክምናው የጎደለውን ኢንዛይም በደም ሥር በጠብታ መስጠት ነው። ይሁን እንጂ እንዲሁ የተሰጠ ኢንዛይም ወደ ማክሮፋጅ በበቂ መጠን አይገባም። ስለዚህ በላዩ ላይ ያሉት የስኳር ሰንሰለቶች ተከርክመው ማኖስ የተባለው ስኳር እንዲጋለጥ ይደረጋል፤ ማክሮፋጁም በማኖስ ተቀባዩ አማካይነት ኢንዛይሙን ይዞ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት አልግሉሰሬዝ ከሰው የእንግዴ ልጅ የሚጣራ ሲሆን፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በ1994 እ.ኤ.አ. በሐምስተር እንቁላል ዕጢ ሕዋሳት የሚመረተው ኢሚግሉሰሬዝ ተከተለው።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት 12 ሕመምተኞችን ያካተተ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በየሁለት ሳምንቱ በኪሎ ግራም 60 ዩኒት ተሰጥቷቸዋል። የሁሉም ሄሞግሎቢን ጨመረ፤ የሁሉም ጣፊያ አነሰ። ውጤቱ አያከራክርም። ነገር ግን በጥናቱ የተፈተነው ይህ አንድ መጠን ብቻ ነበር፤ ከዝቅተኛ መጠን ጋር ተወዳድሮ አልተመረጠም። በዚያው ዓመት ኧርነስት ቦይትለርና ባልደረቦቹ በኪሎ ግራም 2.3 ዩኒት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ይኸውም በወር ወደ 30 ዩኒት ገደማ፣ በመስጠት ግልጽ መሻሻል ማየታቸውን አሳተሙ። መከራከሪያቸው ባዮኬሚካዊ ነበር፤ በማክሮፋጅ ላይ ያሉት ተቀባዮች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፣ ኢንዛይሙም በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ተቀባዮቹ ከሞሉ በኋላ የሚፈስሰው ትርፍ ወደ ሌሎች ሕዋሳት ይሄዳል። ቆየት ብሎም በኢየሩሳሌምና በአምስተርዳም ያሉ የሕክምና ማዕከላት በዝቅተኛ መጠን ለዓመታት ሠርተዋል።

ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በየሁለት ሳምንቱ 60 ዩኒት በኪሎ ግራም ቢሰጠው፣ ባለ 400 ዩኒት 9 ብልቃጥ በአንድ ጊዜ፣ 234 ብልቃጥ በዓመት ያስፈልገዋል። በ15 ዩኒት ቢታከም የዓመቱ ፍጆታ 58 ብልቃጥ ተኩል ይሆናል። በአንዱ ሰው መድኃኒት አራት ሰው ይታከማል ማለት ነው። አምራቹ ኩባንያ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አንዳንድ አገሮች መድኃኒቱን በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። የሚሰጠው ብዛት ውስን ከሆነ፣ ስንት ሰው ወረፋ ላይ እንደሚቀር የሚወስነው የዩኒቱ ቁጥር ነው።

የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ችላ ሊባል አይገባም። የአጥንት ማዕድን መጠን በከፍተኛ መጠን ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚሻሻል የሚያሳዩ የመዝገብ መረጃዎች አሉ። በማደግ ላይ ያለ ሕፃንና አጥንቱ የተጎዳ ሰው ዝቅተኛ መጠን ላይበቃው ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የሚገኘው የጄንዛይም ፋብሪካ በቫይረስ ተበክሎ ምርት ሲቋረጥ ብዙ ሕመምተኞች መጠናቸው ተቀነሰ፤ አንዳንዶቹ ለጊዜው ሳይባባስባቸው ሲቆዩ የሌሎቹ ሕመም ተመለሰ። ስለዚህ «ትንሽ ለሁሉም ይበቃል» የሚል ድምዳሜ አላቀርብም። የምለው፣ ለማን ስንት እንደሚበቃ መለየት የሚቻል መሆኑን ነው። አንጎልን የሚያጠቃው የበሽታው ዓይነት ግን ከዚህ ክርክር ውጭ ነው፤ ኢንዛይሙ ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ መጠኑን መጨመር የነርቭ ጉዳቱን አያቆመውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ከመጠንም በፊት ይጀምራል። ጣፊያው ያበጠ ሕመምተኛ ሲመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ ወባን፣ ብልሃርዝያን፣ ከመተማ ወይም ከሑመራ ቆላ የመጣ ከሆነም ካላአዛርን ያስባል፤ ትክክልም ነው። ለካላአዛር ሲባል የመቅኔ ወይም የጣፊያ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የተጨማደደ ስስ ወረቀት የሚመስል ሳይቶፕላዝም ያላቸው የጎሼ ሕዋሳት ቢኖሩ የሚታዩት በዚያው ስላይድ ላይ ነው። ሆኖም መርማሪው የሚፈልገው የሊሽማኒያ ተውሳክን ነው፤ ተውሳኩ ካልተገኘ ስላይዱ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጣፊያቸው ያበጠ፣ የተውሳክ ምርመራቸውም ነጻ የሆነ ሕመምተኞች ስላይድ በድጋሚ ይታይ፤ አጠራጣሪ ለሆኑትም በወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ የኢንዛይም ምርመራ ይደረግ። የደረቀ ጠብታ በፖስታ ሊላክ ስለሚችል ምርመራው እዚሁ ባይኖርም ሥራው አይቆምም። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በልገሳ ወይም በግዢ ሲመጣ የመጠን አሰጣጡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተመዝግቦ የሚጠና ይሁን። ሀብታም አገሮች ትርፉን መክፈል ስለቻሉ ጥያቄውን ሳይዘጉ አልፈውታል፤ ለእኛ ግን ትርፍ የሚፈስሰው እያንዳንዱ ዩኒት ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነው።

ባልደረባዬ ዛሬ ቢጠይቀኝ የምመልስለት እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱን መግዛት ባንችልም፣ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነና ስንት እንደሚበቃው ማጥናት እንችላለን። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ስላይዶች አውርዶ ማየት ነው።